ጥምቀት በጎንደር፦ ፋሲል መዋኛ ድረስ ሄዳችሁ የሰው ጀርባ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ጎንደር ድረስ ሄደን የሰው ጀርባ አይተን መጣን።» የአክስቴ እንግዶች ያሉትም ይህንኑ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠዋል፣ ቀሚስ አሰፍተዋል፣ ካሜራ ይዘዋል። ግን ጥር 11 ጠዋት ተረጋግተው ቁርሳቸውን በልተው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጡ። ውሃው የሚባረክበት ገንዳ ካለበት ከፋሲል መዋኛ በር ጋ ሲደርሱ ውሃው ተባርኳል፣ ጎረምሶቹ ዘለው ወጥተዋል። ሰዉ ርጥብ ልብሱን እየጨመቀ ይመለሳል።

የእነሱ ጥፋት ሰዓት ብቻ ነበር። ጥምቀት ጎንደር ላይ የአንድ ጠዋት ጉዳይ አይደለም። የሦስት ቀን በዓል ነው፤ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ሰዓትና የራሱ መቆሚያ ቦታ አለው። ይህን መመሪያ ከከተራ ዋዜማ ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ተከተሉት።

1. ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ጥር 10 ከተራ ነው። ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦት የሚመለሰውም በዚሁ ቀን ነው።

ከውጭ አገር የምትመጡ ትኬት ስትቆርጡ ተጠንቀቁ። ጥር 11 በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ጃንዋሪ 20 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር በ2016 እንደዚያ ነበር፤ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር «ጥምቀትም አንድ ቀን ይቀደማል» የሚሉ አሉ። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም።

ጎንደር ጥር 9 ግቡ። ጥር 10 ከሰዓት የሚገባ ሰው ከተራውን አጣ ማለት ነው። በእኔ እምነት ደግሞ ከሦስቱ ቀን ዋናው ከተራ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። የጎንደር ሰው «9 ሰዓት እንገናኝ» ቢላችሁ ሌሊት ነው ወይስ ቀን ብላችሁ ጠይቁ። ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ እንግዶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተባሉትን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተፍ ሲሉ አይቻለሁ።

2. ማደሪያ፣ መንገድና ገንዘብ

ማደሪያ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ያዙ። ቀብድ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። አንድ ዓመት ለዘመዶቼ የያዝኩት ክፍል በር ላይ ስንደርስ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀን። ያዳነን የቀብዱ ደረሰኝ ነው።

የት ማደር ይሻላል? ፒያሳ አካባቢ። ፋሲል መዋኛ ከፒያሳ በስተሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀሃ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስትሄዱ ቁልቁለት፣ ስትመለሱ ዳገት ነው። በእነዚህ ቀናት መንገዱ ለመኪና ስለሚዘጋ ባጃጅ ላይ አትተማመኑ። ከመሃል ከተማው ራቅ ያለው አዘዞ ያደረ ሰው ሌሊት መምጫ ያጣል። ስለዚህ በእግር የሚደረስበትን ምረጡ። ከተማው ሞልቶ ማደሪያ ካጣችሁ ዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ፈልጉ። የጎንደር ቤት ለጥምቀት እንግዳ አይጠበውም። መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍላችኋል፣ ያም ይበቃል።

በመኪና ለመምጣት ካሰባችሁ ጉዞው በቀረበበት ሳምንት እዚህ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ወር የሞላው ወሬ ይዛችሁ አትነሱ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ወይ በአውሮፕላን ኑ፣ ወይ ለከርሞ አቆዩት።

ጥሬ ብር ያዙ፣ ዝርዝርም ይኑርበት። ያን ሁሉ ሕዝብ ኔትወርኩ አይችለውም። ቴሌብር ውስጥ ያለ ብር ኔትወርክ ሲጠፋ ውሃ እንኳ አይገዛም።

የምግቡን ነገርም አስቡበት። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። በዚያ ቀን የሰው ቤት ገብታችሁ ሥጋ አትጠብቁ፤ ባለቤቶቹን ታሳቅቃላችሁ። ጥምቀት ግን ረቡዕም ይዋል ዓርብ ፍስክ ነው።

3. ልብስና የእጅ ዕቃ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ስለዚህ ነጩን አውጡ። ግን ሁለት ልብስ ያስፈልጋችኋል። የሀበሻው ቀሚስና ጥሩው ጋቢ ለከተራ ነው። ለሌሊቱና ለውሃው ቢርስ፣ ቢጎተት የማይቆጫችሁን ነጭ ልበሱ፤ ከውስጥ ሹራብ ደርቡበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። የጥር ሌሊት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ጃንጥላ ወይም ባርኔጣ አይቅር።

ጫማ ላይ አትሳሳቱ። ተረከዝ ያለው ጫማ ለኮብልስቶን ዳገትና ለርጥብ ድንጋይ አይሆንም። ጎማ ሶል ያለው፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ።

ቦርሳ ትንሽ ይሁን፣ በደረት በኩል ይንጠልጠል። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይገባም። ለስልክ የሚሆን ጥብቅ ፌስታል፣ ለጠበል ባዶ ሃይላንድ፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ካልሲና የሚታኘክ ቆሎ ያዙ። ልጅ ካላችሁ ስሙንና ስልካችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ልብሱ ውስጥ ስፉለት። ኪስ ውስጥ ብትከቱት ይወድቃል።

4. ከተራ፣ ጥር 10

ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ምሳ በልታችሁ ጨርሱና ውጡ። ታቦታቱ ከየደብራቸው ተነስተው ፋሲል ግቢ አጠገብ ባለው አደባባይ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ አብረው ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ።

ሁለት አማራጭ አላችሁ። የመጀመሪያው አደባባዩ ላይ ቆሞ ታቦታቱ ሲገናኙ ማየት ነው። ሁለተኛው አንድ ደብር መርጦ፣ ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ ጀምሮ አጅቦ መሄድ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰዉ ገና ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ይታያል። ካህኑ ታቦቱን በራሱ ላይ አክብሮ ሲወጣ ደወሉ ይደወላል። እልልታው ይቀልጣል። ሴቶቹ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። ይህን አደባባይ ላይ ቆማችሁ አታገኙትም።

በመንገድ ላይ እነዚህን ጠብቁ።

ታቦት አትቅደሙ፣ ፊት ለፊቱም አታቋርጡ። ሲያልፍ ቁሙ፣ ኮፍያ አውልቁ፣ ዝቅ በሉ። እምነታችሁ ሌላ ቢሆንም ጸጥ ብሎ መቆም ይበቃል፤ ማንም ምንም አይላችሁም።

ምንጣፉን አትርገጡ። ታቦት የያዙት ካህናት የሚሄዱት ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉን የሚያነጥፉት የሰፈር ወጣቶች ናቸው። ታቦቱ ያለፈበትን ከኋላ ይጠቀልላሉ፣ ትከሻቸው ላይ ያወጡታል፣ በሰዉ ዳር ዳር እየሮጡ ወደ ፊት ወስደው እንደገና ይዘረጉታል። ላባቸው ጠብ እያለ ይህን እስከ መዋኛው ድረስ ያደርጋሉ። ከመንገዱ ዳር የሚቆም ሰው የሚገፋው በእነሱ ነው። «መንገድ! መንገድ!» ሲሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ፎቶ አነሳለሁ ብላችሁ ፊታቸው አትደቀኑ፤ ምንጣፉ ከባድ ነው፣ ቶሎ መቆም አይችሉም።

ጭፈራው ውስጥ ለመግባት ግብዣ አትጠብቁ። ከታቦቱ ኋላ ኋላ ክብ ክብ ሠርተው ሆ የሚሉ፣ እስክስታ የሚወርዱ ታገኛላችሁ። ተቀላቀሉ። ካህናቱና የሰንበት ተማሪዎቹ ከሚያሸበሽቡበት መስመር ውስጥ ግን አትግቡ፣ ያ ሥርዓት ነው። ሎሚ መወርወር ካማራችሁም በልክ ይሁን። ድሮ ወንዱ የወደዳትን በሎሚ ነበር የሚያስታውቀው፤ ልጅቷ ፊቷን ካዞረች ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እዚህ ደረጃ ላይ በብዛት የሚበላሸው መጨናነቅ ነው። ወደ መዋኛው ሲቃረብ መንገዱ ይጠባል። ከፊትና ከኋላ መገፋት ከተጀመረ ከሰዉ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። እጃችሁን ደረታችሁ ፊት ለፊት አድርጉ፣ ከጎርፉ ጋር እየሄዳችሁ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ውጡ። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት አታጎንብሱ። ልጅ ካለ ትከሻ ላይ ይውጣ።

5. ሌሊቱ

ሲመሽ ታቦታቱ መዋኛው ቅጥር ውስጥ ያድራሉ። ከተራ የሚለው ስም ራሱ ውሃ ከመከተር የመጣ ነው። እዚህ ገንዳው የሚሞላው በቦይ ከቀሃ ወንዝ በሚገባ ውሃ ነው፤ ሙላቱ ከበዓሉ በፊት ቀናት ይወስዳል። በከተራ ማታ ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

ሌሊቱን እዚያ ማደር ትችላላችሁ። ብዙ ምእመን ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ሕፃን የያዘ፣ የታመመ ወይም ብርድ የማይችል ሰው ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ገብቶ ይተኛ።

የምትተኙ ከሆነ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከ9 ሰዓት በፊት በሩ ላይ ተገኙ። ፍተሻ አለ፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ቢላዋ፣ ምላጭ፣ ትልቅ ሻንጣ አትያዙ፤ እነዚህን ይዞ የመጣ ሰው ሰልፉን ሁሉ ያጓትታል። ብቻችሁን በጨለማ አትውረዱ። ከጎረቤት ሰዎች ጋር ተጠራርታችሁ ውረዱ፤ ሁሌም የሚወርድ አለ።

ዘግይታችሁ በሩ ከተዘጋ አትጋፉ፣ አጥርም አትዝለሉ። አጥሩ ዘመናት ያስቆጠረ ካብ ነው። ውጭ ሆናችሁ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያ ስሙ። ቦታ ይዘው ያደሩ ሲደክሙ ይወጣሉ፣ በሩም አልፎ አልፎ ይከፈታል። ካልሆነም የታቦታቱን መመለሻ ጥሩ ቦታ ሆናችሁ ታያላችሁ።

6. ውሃው ዳር

እዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ መቆሚያችሁን ምረጡ። ውሃው ጠርዝ ላይ የሚቆም ሰው በደንብ ያያል፣ ግን ይገፋል፣ ይርሳል። ትንሽ ራቅ ብሎ ከዛፎቹ ሥር የሚቆም በከፊል ያያል፣ ግን ይተነፍሳል። ፎቶ ለማንሳት የመጣችሁ ሁለተኛውን፣ ለጠበል የመጣችሁ የመጀመሪያውን ምረጡ። ሁለቱንም አገኛለሁ ያለ ሁለቱንም ያጣል።

መሬት ላይ ቁሙ። ይህን በማስጠንቀቂያ ነው የምለው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ዕለት እዚሁ መዋኛው ውስጥ ሰው የተቀመጠበት የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ቆስሏል። የእንጨት ደረጃ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አትውጡ። «ሌሎቹም ወጥተዋል» ማለት ምክንያት አይሆንም። መድረኩን የሚያፈርሰው የሰዉ ብዛት ራሱ ነው። የወጡ ልጆች ካያችሁም «ውረድ ልጄ» በሉ፣ ዝም ብላችሁ አትለፉ።

ከማኅሌቱና ከቅዳሴው በኋላ፣ ጎሕ ቀዶ ሰማዩ ሲነጣ፣ ካህናቱ ወደ ውሃው ይቀርባሉ። ጸሎቱ ይደርሳል፣ ወንጌል ይነበባል፣ ውሃው በመስቀል ይባረካል። የበራ ጧፍ የያዘ መስቀል ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ለአፍታ ሁሉም ጸጥ ይላል። ያን ሁሉ ሰው ጸጥ ብሎ ማየት ይከብዳል፣ ግን ይሆናል። ስልካችሁን ያኔ ኪስ ክተቱት። ወፎቹ ከዛፎቹ ላይ ይሰማሉ።

ባርኮው ሳይፈጸም ወደ ውሃ አትግቡ። ካበቃ በኋላ ጎረምሶቹ ይዘላሉ፣ ውሃው ይረጫል፣ ጩኸቱና እልልታው አንድ ይሆናል። እናንተስ?

ዋና ካልቻላችሁ አትዝለሉ። ውሃው ደፍርሶ ወለሉ አይታይም፣ ሰው በሰው ላይ ይወርዳል፣ ቅዝቃዜው ትንፋሽ ይቆርጣል። የምትችሉም ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ እግር በማስቀደም ግቡ፤ በጭንቅላት መወርወር ፈጽሞ አይሆንም። ገብታችሁ ወዲያው ውጡ። ከመዝለላችሁ በፊት ስልክ፣ ገንዘብና መታወቂያ ለማይገባ ጓደኛ ስጡ። ጠርዙ የረጠበ ድንጋይ ነው፤ ስትወጡ እጅ የሚሰጣችሁ ሰው ይቁምላችሁ።

መግባት ግዴታ አይደለም። የሚረጨው ይበቃል። ራቅ ብላችሁ የቆማችሁ ሃይላንዳችሁን ወደ ፊት አሳልፉ። «ወንድሜ፣ ሙላልኝ» በሉ። ከእጅ እጅ አልፎ ሞልቶ ይመለስላችኋል። አንድ ጊዜ የእኔን ኮዳ አንዲት እናት ከፊት ተቀብለው፣ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው «ለታመመ ሰው ነው ልጄ?» ብለው ጠይቀው መለሱልኝ። ለእናቴ ነበር። ውሃው የወንዝ ውሃ ስለሆነ ለሕፃን ከማጠጣት ይልቅ እርጩት።

7. ታቦታቱ ሲመለሱ

ረፋዱ ላይ ታቦታቱ ተነስተው ወደየደብራቸው ይወጣሉ። የሚካኤል ታቦት ግን እዚያው ይቆያል። እዚህ የሚሠራው ስህተት ሁሉም በአንዴ ወደ በሩ መጉረፉ ነው። ውሃው እንደተረጨ አትሩጡ። ርጥቡን ልብስ ቀይሩ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ቆሏችሁን ብሉ። ግማሽ ሰዓት ከታገሣችሁ በሩ ይቀላል። ከዚያ ዳገቱን ከአንዱ ታቦት ኋላ ሆናችሁ ውጡ። ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊት ያላንቀላፋ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ውሃ ጠጡ።

8. ጥር 12፣ ለልጆችና ለአረጋውያን

ሁለት ቀን ያላቸው እንግዶች ጥር 11 ከሰዓት ተሳፍረው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ጨምሩ። የሚካኤል መመለሻ ላይ ሰዉ ቀለል ይላል፣ ጭፈራው ግን ይደምቃል። በአብዛኛው የከተማው የራሱ ሰው ነው የሚወጣው። አያቶችን ይዛችሁ የምትመጡ፣ ሕፃን የያዛችሁ፣ ከሦስቱ ቀን አንድ ብቻ መምረጥ ካለባችሁ ይህን ምረጡ። ከዚያ ቤት ሲጋብዟችሁ እሺ በሉ። ጠላ ሲቀዳላችሁ አንድ ጊዜ «በቃኝ» ብትሉ አይሰማም፤ መጠጣት የማትፈልጉ ከጅምሩ ተናገሩ።

9. ነገር ሲበላሽ

ተጠፋፋችሁ? ስልክ አይሠራም ብላችሁ አስቡና ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ። የእኛ ቤት ቀጠሮ መሃል ከተማ ያለው ትልቁ ዛፍ፣ ጃንተከል ዋርካ ሥር ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ከመዋኛው ግፊያም ይርቃል። «በየሰዓቱ ሲሞላ እዚያ» ብላችሁ ተነጋገሩ።

ልጅ ጠፋ? አንዳችሁ ከጠፋበት ቦታ አትንቀሳቀሱ። ሌላው በቅርብ ወዳለው የሰንበት ተማሪ ወይም ፖሊስ ሄዶ የለበሰውን ይናገር፤ በድምፅ ማጉያ ይጠራል።

ሰው ወደቀ? ዙሪያውን ክፍት አድርጉ፣ ልብሱን አላሉ፣ የቀይ መስቀል ሰደርያ የለበሰ ሰው ጥሩ። ውሃ አፉ ላይ አታፍስሱ።

ስልክ ውሃ ገባበት? አጥፉት። ቻርጅ አትሰኩበት።

10. በሌላ ወር ከመጣችሁ

ግንቦት ወይም ጥቅምት ላይ መጥተው «ውሃው የት አለ?» የሚሉ አሉ። የለም። ገንዳው በዓመት አንዴ ለጥምቀት ነው የሚሞላው፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ ነው። ግን አትዘኑ። ትኬታችሁን ፋሲል ግቢ በር ላይ ቁረጡ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ መዋኛው ውረዱ፤ እዚያ ይጠየቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ቅጥሩን ብቻችሁን ታገኙታላችሁ። ከበሩ ወደ ገንዳው ስትሄዱ የዛፎቹን ሥር ተመልከቱ። ካቡን እንደ ጣት ጨብጠውታል። አንዳንዱ ድንጋይ የቆመው በሥሩ ይሁን ሥሩ በድንጋዩ አይታወቅም። እነዚያን ሥሮች አትርገጡ፣ ልጆችም አይንጠልጠሉባቸው። በጥምቀት ቀን ሰዉ ሸፍኗቸው አታዩአቸውም።